የፀሐይ ቁና

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርቱካን በእጄ ይዤ መሬት በፀሐይ ዙሪያ እንዴት እንደምትዞር አስተምሬያለሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ ብርቱካኗን ልጬ የምበላት እኔ ስለነበርኩ፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ ይልቅ ትምህርቱ የጣፈጠው ለእኔ ነው። ታዲያ የገዛ ግድግዳዬ ጥላ በኅዳር ወር የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ሦስት ሰው ማማከርና ቡሬ ድረስ መንከራተት ያስፈለገኝ ይኸው እኔ ነኝ። የጂኦግራፊ መምህር! ያስተማርኳቸው ልጆች ይህን ቢያነቡ የሰጠኋቸውን ዜሮ ሁሉ እንድመልስላቸው ይጠይቁኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ጡረታ ወጣሁና ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት ገዛሁ። ባለቤቴ ካረፈች ቆይታለች፣ ልጆቼም ባሕር ዳር ገብተዋል። የገዛሁት ቤት በደርግ ጊዜ ስድስት የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር ሆነው በአንድ መስመር ካሠሯቸው ቤቶች አንዱ ነው። የሸጠልኝ ሰው ከስድስቱ አንዱ ነበር፤ ልጁ ቡሬ አግብታ ስለወሰደችው ቤቱን ለእኔ ለቆ ሄደ። ካርታውን አየሁ፣ ግድግዳውን አንኳኳሁ፣ ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁ። ሌላ ነገር መጠየቅ እንዳለብኝ አላሰብኩም። የተማረ ሰው የሚታለለው የሚያውቀውን ብቻ ሲጠይቅ ነው።

ከቤቴ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ሰፊ ጥርግ ያለ ግቢ ነበር። ግቢው የማኅበሩ ሊቀመንበር የነበሩት ሰው ሲሞቱ ለባለቤታቸው የቀረ ነው። እኒህ ሴት ከዝናቡ በኋላ ቀይ በርበሬ ከገበሬ ይገዙና በዚያ ግቢ ሰሌንና ሸራ ዘርግተው ያሰጡታል። ሲደርቅ ቀንጥሰው፣ ለይተው፣ ለነጋዴ ይሸጣሉ። አራት ልጅ ያሳደጉት በዚህ ነው፤ የመጨረሻዋ ልጃቸው ያን ጊዜ ገና መምህራን ኮሌጅ ነበረች። ደሞዝ የላቸው፣ እርሻ የላቸው። ያላቸው ያች ከኅዳር እስከ ጥር የምትወርድ ፀሐይ ናት። ፀሐይ ከቀረች ስጡ ይሻግታል፤ ስጡ ከሻገተ ደግሞ ልጅቱ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች። ይህን ዛሬ እንዲህ አሳምሬ ልጻፈው እንጂ ያኔ አልታየኝም። ያኔ የታየኝ ሌላ ነው።

በገባሁ በመጀመሪያው ታኅሣሥ፣ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ብከፍት እሳቸው ናቸው። ነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ቁና ይዘዋል።

«እንደምን አደሩ መምህር። ይቺን ይቅመሱ ብዬ ነው።»

ገለጥ ባደርገው ዛላ በርበሬ፤ እንደ ደም የቀላ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ፣ አንድም ነጭ የሌለበት።

«ኧረ እሜቴ፣ ምን በወጣዎ!»

«ግድ የለም፣ ይገባዎታል» አሉና ሄዱ።

ይገባዎታል! ይህን ቃል ይዤ ቀኑን ሙሉ በቤቱ ውስጥ ተንጎራደድኩ። መስታወት ፊት ቆምኩና «እውነትም ይገባኛል» አልኩ። ጢሜ ቢሸብትም አሸባበቱ ሥርዓት ያለው ነው፤ ጡረታዬም በየወሩ ሳይቀር ይመጣል። አንዲት ባሏ የሞተባት ደርባባ ሴት፣ ባለቤቱ ለሞተችበት የተማረ ሰው አንድ ቁና ምርጥ በርበሬ የምታመጣው በምን ምክንያት ነው? መልሱን ማንም ያውቃል። ለሌሎቹ አራት ቤቶችም ቁና ቁና ሲያዞሩ አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ግን ለእነሱ የሚሰጡት ለእኔ የሚሰጡትን ለመሸፈን መሰለኝ። እንዲህ ያለ ብልህ ነበርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ተዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። ኮቴን ለበስኩ፣ ጢሜን ተስተካከልኩ፣ ባዶ ቁና መመለስ ነውር ነውና ሁለት ኪሎ ስኳር አስገዝቼ አስቀመጥኩ። ቁናውን ገልብጬ ስኳሩን ከውስጡ አድርጌ ስሰጣቸው ግራ ገባቸው።

«ይኸ ደሞ ለምንድን ነው መምህር?»

«ለጣዕም ነው እሜቴ» አልኩና ዓይኔን ሰበር አደረግሁ።

በሦስተኛው ዓመት ሽቶ ጨመርኩ። ቁናውን ለመቀበል ጎንበስ ስል የበርበሬው ብናኝና ሽቶው አፍንጫዬ ውስጥ ተገናኙና ሰባት ጊዜ አከታትዬ አስነጠስኩ። «ይማርዎ፣ ይማርዎ» እያሉ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሸሹ ሄዱ። እኔ ግን ይማርዎ ያሉበትን ድምፅ ልስላሴ ይዤ ቀረሁ።

እንግዲህ ፎቅ የመሥራት ሐሳብ የመጣብኝ በዚህ መካከል ነው። በዚያ ጊዜ ሁሉም ሰው አፉ ላይ «ጂ ፕላስ ዋን» ነበር። ትንሽ የቀናው ነጋዴ ሁሉ ጂ ፕላስ ዋን ይላል፤ ያልቀናውም ይላል። እኔም ከጓዳዬ በላይ አንዲት የእንጨት ክፍል ላወጣ ቆረጥኩ። ለሰው የነገርኩት ምክንያት መጻሕፍቴን እርጥበት እንዳይበላብኝ የሚል ነው። እውነተኛው ምክንያት መስኮቱ ነበር። መስኮቱ ወደ በርበሬው ግቢ እንዲሆን ፕላኑ ላይ በእጄ ሣልኩት። ማዘጋጃ ቤትም ፕላኑን አይቶ ማኅተም መታልኝ።

በአራተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ከጅጋ አንድ ጎበዝ አናጢ አስመጣሁ። የሞራሌና የወራጅ እንጨት ግቢዬ ተከመረ። አናጢው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የክፍሏ ጣሪያ የት እንደሚደርስ ላሳይዎት ብሎ አንድ ረጅም ቋሚ ጓዳው ጥግ ላይ አቆመ። ከሰዓት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ብሏል። እኔ ቀና ብዬ የእንጨቱን ጫፍ በኩራት እያየሁ ነው። አናጢው ግን ወደ ታች ነበር የሚያየው።

«ጋሼ፣ እዚያ ይመልከቱ» አለኝ።

የቋሚው ጥላ አጥሩን ተሻግሮ፣ ግቢውን ሰንጥቆ፣ ቀዩ ስጥ ላይ እንደ ጥቁር መቀነት ተጋድሟል። ሴትዮዋ በርበሬ ሊያገላብጡ ጎንበስ ብለው ነበር። ቀና አሉ፤ እንጨቱን አዩ፤ እኔን አዩ። ጥላው ያረፈበትን ሰሌን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ወደዚያ ጎተቱት። ፀሐይዋ ስትገፋ ጥላው ተከተላቸው፤ እንደገና ጎተቱት።

«አንድ እንጨት ይኸን ያህል ከጣለ፣ ግድግዳው ሲቆምማ ግቢው እንዳለ ጨለማ ነው» አለ አናጢው።

«ዝም ብለህ ለካ» አልኩት።

በማግስቱ የእድራችን ዳኛ መጡ። እሳቸውም ከስድስቱ መሥራቾች አንዱ ናቸው። ቤቱን ስላሳመርኩት አመሰገኑኝ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ ባሕር ዳር ልጆቼ ጠየቁኝ፤ በመጨረሻ ሊወጡ ሲሉ፣ ልክ አሁን ትዝ እንዳላቸው ሁሉ፣ ከኮታቸው ኪስ አንድ የተጣጠፈ ሉክ ወረቀት አወጡ።

«ይቺን አይተዋት ያውቃሉ መምህር?»

ዘረጋሁና አናጢው እየሰማ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስድስቱ ሰዎች ቤቱን ሲሠሩ የተዋዋሉት ውል ነው። ማንም ከመካከላችን ከምድር ቤት በላይ አይሠራም፣ በድንበሩ ላይም ባሕር ዛፍ አይተክልም፣ የማስጫውን ፀሐይ አይከለክልም ይላል። ከሥሩ ስድስት ፊርማ። ከፊርማው ሥር ደግሞ፣ ይህን ያፈረሰ በንስሐ አባታችን ቃል የተገዘተ ይሁን ይላል። ጥርት ያለ ግዝት!

ደሜ ፈላ። «እኔ እዚህ ላይ ስሜ አለ?»

«የለም።»

«ፊርማዬስ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ወረቀቱ የእኔ አይደለም» አልኩና አጥፌ መለስኩላቸው። ዳኛው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔ ግን የመምህር ድምፄን አወጣሁባቸውና ተውት። አናጢው ግን ግዝት የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ መዶሻውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመረ።

«ምን ሆነሃል?»

«ጋሼ፣ እኔ ልጆች አሉኝ። ግዝት ባለበት ምስማር አልመታም። ሲፈታ ይጥሩኝ።»

እኔ ደግሞ ግትር ነኝ። በማግስቱ ኮቴን ለብሼ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ አቤቱታ ወደሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ሄድኩ። የድሮ ተማሪዬ ነው። ሁሉንም ሰምቶ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰካ።

«ጋሼ መምህር፣ ውል የሚያስረው የተዋዋሉትን ነው። ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ካርታው ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ከቤቱ ጋር ይሄድ ነበር፤ ማን ቢገዛው ይከተለዋል። ይኸ ግን ኪስ ውስጥ የኖረ ወረቀት ነው። ሲገዙ ነግረዎት ነበር?»

«ማንም ትንፍሽ አላለም።»

«እንግዲያው እንኳን አንድ ክፍል፣ ሁለት ይሥሩ።»

ከእሱ ወጥቼ ግዝቱን ወደገዘቱት ቄስ ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አባ፣ ያ ግዝት እኔን ይነካኛል?»

አሰብ አደረጉ። «የገዘትኩት ስድስቱን ነው። እርስዎ አልነበሩም። ያልሰማ ሰው በምን ይታሰራል?»

«እግዜር ይስጥልኝ!»

«ቆይ፣ ቆይ። የሸጠልዎ ሰው ግን ግዝቱን ሳያስፈታ ነው የሄደው። የእሱ ቤት ውሉን ቢያፈርስ ምናልባት ለእሱ ይተርፈው ይሆናል። ባይሆን ለነፍሱ ሲሉ ይንገሩት።»

ሕጉም ፈታኝ፣ ቤተ ክርስቲያንም ፈታችኝ። አንድ ሽማግሌ በእኔ ምክንያት ሲኦል እንዳይገባ ብቻ ቡሬ ሄጄ መንገር ቀረኝ። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከማንኩሳ ወዲያ ሜዳው ሁሉ በርበሬ የተሰጣበት ነበር፤ በየደጁ ቀይ፣ በየሣር ቤቱ ሥር ቀይ። እኔ ግን የማየው መስኮቴን ነው።

ሰውዬውን ልጁ ቤት በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሶ አገኘሁት። እኩዮች ነን፤ አንተ እንባባላለን። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ሲሰማ ቆየና ስለ ግዝቱ ይጨነቃል ስል ሌላ ጠየቀኝ።

«እሷ በርበሬውን ታመጣልሃለች?»

ፊቴ ሞቀኝ። «ታመጣለች። በየዓመቱ። ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ሌላ እንዴት?»

«አያ፣ አንተ አልገባህም። እሱ... በእኔና በእሳቸው መካከል ነው።»

ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ምን አባህ ነው በመካከላችሁ ያለው?»

«እንግዲህ፣ ሁለታችንም ብቻችንን ነን። ሰው ዓይን አለው። ኮት ለብሼ...»

«ኮት ለብሰህ?»

«ስኳርም እሰጣቸዋለሁ።»

ያ ሽማግሌ ሳቁን ለቀቀው። ጋቢው ከትከሻው ወደቀ፣ ምርኩዙ ወደቀ፣ ልጁ ምን ሆነብኝ ብላ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «ስኳር!» ይላል፣ እንደገና ይንፈራፈራል። እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ክንዴን ያዘኝ።

«ስማኝ። ያ በርበሬ የፀሐይዋ ነው። ማስጫው በፊት የስድስታችን ነበር፤ እህላችንን እዚያ እናሰጣ ነበር። ኋላ ሁላችንም ስንተወው ለእሷ ብቻ ለቀቅንላትና፣ ፀሐይዋን እንዳንጋርድባት እኛ፣ ከመጀመሪያው ስጥ ለየቤቱ አንድ አንድ ቁና ልትሰጥ እሷ፣ ተስማማን። ለእኔ አልነበረም፤ ለቤቱ ነው። ቤቱ ሲሸጥ በርበሬው ወደ አንተ ዞረ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ አለ እኮ! ገልብጠህ አላየኸውም?»

ገልብጠህ አላየኸውም። ሠላሳ ዓመት ፈተና ስሰጥ «ከጀርባው ጥያቄ አለ፣ ገልብጡ!» እያልኩ የጮኽኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አንድን ልጅ ሳይገለብጥ ወረቀቱን በመመለሱ ከሰው ፊት «በሬ» ብዬዋለሁ። ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ ባውቅ ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

«ታዲያ ስንት ዓመት በላህ?» አለኝ።

«ሦስት።»

«ሦስት ዓመት የፀሐይዋን ዋጋ በላህና አሁን ፀሐይዋን ልትወስድ? ራፖር ጸሐፊው ይኸን ጠየቀህ? ቄሱስ?»

አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ የልብ ጉዳይ ነዋ፣ ለማን ይነገራል!

ስመለስ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ግንባሬን አስደግፌ አሰብኩ። ያልፈረምኩት ውል አያስረኝም ብዬ ስከራከር፣ ለካ በየጾሙ ሽሮ፣ በየፋሲካው ዶሮ ወጥ እያልኩ በሆዴ ፈርሜዋለሁ። በርበሬውን እንዳልመልስ በልቼ ጨርሼዋለሁ። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ያ ሰሌን ነው፤ ሴትዮዋ የበላባቸውን ሰው ስሙን ሳያነሱ፣ አንዲት ቃል ሳይወረውሩ፣ ሰሌናቸውን ጎተት ማድረጋቸው። በእሳቸው ቦታ እኔ ብሆን እስከ ዞን ድረስ እጮህ ነበር።

ከሚኒባሱ እንደወረድኩ በቀጥታ ዳኛው ዘንድ ሄጄ ወረቀቱን ለመንኩ። ገለበጥኩት። አለ፤ ሁለት መስመር ተኩል፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት። ዳኛው «ያን ዕለት ይገልብጡት ልልዎ ነበር፤ ቁጣዎ አላስገባኝም» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ግቢው ዞርኩ። ሴትዮዋ ስጡን ከመሰብሰባቸው በፊት መደቡ ላይ አረፍ ብለዋል። ልብ ይበሉልኝ፣ ኮት አልለበስኩም።

«እሜቴ፣ ፎቁ ቀርቷል።»

«ምነው መምህር፣ እንጨት ጎደለዎት?»

«እንጨቱ ሞልቷል። የጎደለው ራሴ ነው።»

ሴትዮዋ ከሰሌኑ ዳር አንድ ዛላ አነሡና ወደ ብርሃኑ አደረጉት፤ ጀርባው ገና አልቀላም። «የጧቷ ፀሐይ ታደርቀዋለች እንጂ አታቀላውም። የሚያቀላው የዘጠኝ ሰዓቷ ናት» አሉ። «እሷ ከተጋረደች ብዬ ዘንድሮ ልጄን ከኮሌጅ ላስመጣት አስቤ ነበር። ደብዳቤም አስጽፌያለሁ፤ አልላክሁትም።»

«አይላኩት» አልኩ።

«አልልክም እንግዲህ።» ከዚያ ቀና አሉና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈን አደረጉ። «ግን መምህር፣ ያ ስኳር ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

«ለሻይ ነዋ።»

«እኔ ሻይ አልጠጣም።»

«እሱን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ» አልኩና ወጣሁ። ከኋላዬ ሳቃቸው ተከተለኝ፤ ጥሩ ሳቅ ነበር።

አናጢውን እንደገና ከጅጋ አስጠራሁት። ግዝቱ ተፈታ ወይ ብሎ መጣ። አልተፈታም፣ እኛው ነን የታሰርነው አልኩትና፣ በከመርኩት ሞራሌ ሁሉ የሴትዮዋ ግቢ ውስጥ እስከ ወገብ የሚደርስ ረጅም የበርበሬ አልጋ አሠራሁ። ከመሬት ከፍ ስላለ አቧራም ዶሮም አይደርስበትም፣ ከሥሩም ነፋስ ያገኛል። አናጢው ሥራውን ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ «ጋሼ፣ ይኸም ጂ ፕላስ ዋን ነው፤ ነዋሪው በርበሬ ሆነ እንጂ» አለኝ። እኔ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ቆጡ እንዲህ ወርዶ ወገብ ላይ ሲቆም ግን አማረብኝ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የመስመሩ የመጨረሻ ቤት ተሸጠ። ገዢው ገና ያገባ እህል ነጋዴ ነው። ለውሉ ምስክር ሁን ተባልኩ። ከመፈረሜ በፊት ያንን አሮጌ ሉክ ወረቀት ከዳኛው ተቀብዬ ፊቱንም ጀርባውንም ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ጋሼ፣ ይኸ እኔን ያስረኛል?» አለ ገዢው።

«በሕግ አላውቅም። ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ ነፃ ነህ ተብያለሁ። ግን በርበሬ ትወዳለህ?»

«ማን የማይወድ አለ?»

«እንግዲያው ወይ ሁለቱንም ትተዋለህ፣ ወይ ሁለቱንም ትይዛለህ። አሁን ወስን።»

ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ ሳቀች፤ ፈረመ። የሚቀጥለው ታኅሣሥ ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ቁና ይዘው ወደ አዲሱ ቤት ሲሄዱ እኔም ምርኩዜን ይዤ ተከተልኩ። የነጋዴው ሚስት በሩን ከፍታ ቁናውን በሁለት እጇ ስትቀበል ጣልቃ ገባሁ።

«ይኸ የፀሐይ ዋጋ ነው» አልኩ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ስጦታ አይደለም፣ ውለታ አይደለም፣ ሌላም አይምሰላችሁ።»

«ምነው መምህር ይኸን ያህል ማስጠንቀቅ፣ በርበሬ እኮ ነው» አለ ባሏ።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ይንገሯቸው፣ ይንገሯቸው» አሉ። «ብቻ ስኳር እንዳይሰጡኝ።»